ጀልባን በአሮጌ ላንድሮቨር ስለ መጎተት

የጣና ታንኳ ከደንገል ስለሚሠራ ባለቤቱ ከውሃ አውጥቶ ሊሸከመው ይችላል። ባለሞተር ጀልባ ግን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ባሕር ዳር የሚደርሰው በተጎታች ላይ ተጭኖ ነው። ለእንዲህ ያለው ሥራ በቶሎ የሚታሰበውም በአራቱም ጎማዎቹ ኃይል የሚሄድ መኪና ነው።

እ.ኤ.አ. በ1948 በእንግሊዝ አገር መሠራት የጀመረው ላንድሮቨር በጭቃና በድንጋያማ መንገድ ስለሚያሳየው ብርታት የተመሰገነ ነው፤ ምስጋናውም ይገባዋል። ነገር ግን መጎተት መቻል አንድ ነገር፣ የጎተቱትን ማቆም መቻል ሌላ ነገር ነው። አራቱም ጎማዎች ከሞተሩ ኃይል ማግኘታቸው ዳገት ለመውጣት ይረዳል እንጂ የፍሬኑን አቅም አይጨምርም። የቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮች ፍሬን በአራቱም ጎማ ላይ ባለ ታምቡር ነው። ቀላል ተጎታቾች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የራሳቸው ፍሬን ስለሌላቸው፣ የጀልባውም ክብደት በመኪናው ፍሬን ላይ ይወድቃል።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ መንገድ ይህን በግልጥ ያሳያል። መንገዱ ወደ ድልድዩ ሲወርድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። መኪናው 1,700 ኪሎ፣ ጀልባው ከነሞተሩና ከነተጎታቹ 800 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። ይህ 2,500 ኪሎ ያን ያህል ቁልቁለት ሲወርድ የሚለቀቀው ጉልበት በሙሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ ከ70 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ነጂው ከላይ እስከ ታች ፍሬን እንደ ረገጠ ቢወርድ ከዚህ ሙቀት ብዙው በታምቡሮቹ ውስጥ ይጠራቀማል። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋና ከፍሬኑ ሸራ ይርቃል፤ ሸራውም ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። የዚያን ጊዜ ፔዳሉ እየሰመጠ ይሄዳል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ከዚህ አደጋ የሚያድነው፣ ያንኑ መንገድ ሽቅብ ለመውጣት የሚያስፈልገውን ከባድ ማርሽ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማስገባት ነው። ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ያወርደዋል፤ ፍሬኑም አልፎ አልፎ ብቻ ይረገጣል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ማርሹን አውጥቶ መውረድ ቁጠባ ሊባል አይገባውም።

ከድልድዩ ማዶ ደግሞ ፈተናው የሞተሩ ይሆናል። በደጀን ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ስለዚህ ክዳኑ ግፊት መያዝ የተሳነው አሮጌ ራዲያተር ዳገቱ ሳያልቅ ውሃውን አፍልቶ ይጨርሳል።

አደጋው ግን በሜዳም ላይ ሊፈጠር ይችላል፤ ምክንያቱም የአጫጫን ጉድለት ነው። የጀልባ ሞተር የሚገጠመው ከኋላ ስለ ሆነ ክብደቱ ወደ ኋላ ያደላል። ከተጎታቹ ጎማዎች በስተ ኋላ ያለው ክብደት ከበዛ የመጎተቻው ዘንግ የመኪናውን ጀርባ ወደ ላይ ያነሣል፤ ተጎታቹም ፍጥነት ሲጨምር እንደ ጅራት ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ስለዚህ ከተጎታቹ ጠቅላላ ክብደት ከአሥር እጅ አንዱ ያህል በመኪናው ጋንቾ ላይ ማረፍ አለበት። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ይህ 80 ኪሎ ይሆናል፤ የዘንጉን ጫፍ በእህል ሚዛን ላይ አሳርፎ ማረጋገጥ ይቻላል። ካነሰ ጀልባው ወደ ፊት ይሳባል። እጅግ ከበዛ ደግሞ የአሮጌው መኪና ባሌስትራ ይረግባል፤ የፊት ጎማዎችም መሬቱን በሚገባ ስለማይጫኑ መሪው ይቀላል። መወዛወዙ ከተጀመረ ነጂው ነዳጅ መስጫውን ቀስ ብሎ ይለቅቃል፤ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞም ፍጥነቱ እስኪቀንስ ይታገሣል። በዚህ ጊዜ ፍሬንን በድንገት መርገጥ ተጎታቹንም መኪናውንም ሊገለብጥ ይችላል። ከጋንቾው ሌላ ሁለት ሰንሰለቶች ከዘንጉ በታች ተጠላልፈው ይታሰራሉ፤ ጋንቾው ቢወልቅ ዘንጉ በእነርሱ ላይ ያርፋል እንጂ አስፋልቱን አይወጋም።

በደረቅ አስፋልት ላይ የፊት ጎማዎችን ከኋላዎቹ ጋር ማያያዝ ማርሾቹን ያጨናንቃል፤ በመታጠፊያ ላይ የፊቶቹና የኋላዎቹ የሚሄዱት ርቀት አንድ አይደለምና። የአራቱ ጎማዎች ጥቅም የሚታየው ጀልባው ወደ ሐይቁ በሚወርድበት እርጥብ ዳርቻ ላይ ነው። በዚህ ሥፍራ ስለ እጅ ፍሬኑ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የቀድሞው ላንድሮቨር የእጅ ፍሬን የሚይዘው ጎማዎቹን ሳይሆን ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ነው። አንዱ የኋላ ጎማ በጭቃ ላይ መያዣ ካጣ፣ ዲፈረንሻሉ ሁለቱን ጎማዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚያዞር፣ መኪናው የእጅ ፍሬኑ እንደ ተሳበ ወደ ውሃው ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ አራቱም ጎማዎች እንደ ተያያዙ ይቆያሉ፤ ከሥራቸውም ታኮ ይደረጋል። በተጎታቹና በውሃው መካከል ማንም ሰው አይቆምም።

ተጎታቹ ከረጅም መንገድ እንደ ደረሰ ወዲያው ውሃ ውስጥ አይገባም። የጋለ ኩሽኔታ በድንገት ሲቀዘቅዝ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ግራሶውም ይበላሻል። ጉዳቱ የሚታወቀው በመልስ ጉዞ ጎማው ሲነቀል ነው። ነጂው በእጁ ዳስሶ መቀዝቀዙን እስኪያረጋግጥ ድረስ በዳርቻው ላይ ይጠብቃል።