ትኬት ላይ 05:30 ይላል፤ ቦሌ ስንት ሰዓት እንሂድ?

የሰፈራችን ልጅ ከዱባይ ስትመጣ ትኬቷን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከች። መነሻ 02:30፣ መድረሻ 05:30። ቤተሰብ «ረፋድ 5 ሰዓት ተኩል ትገባለች» ብሎ ተኛ። ከእንቅልፋቸው የቀሰቀሳቸው የሰው ስልክ ለምና የደወለችው ራሷ ናት፤ ንጋት ላይ ቦሌ ደርሳ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች። አራት ዓመት ቆይታ ስትመጣ የሚቀበላት ሰው አልነበረም።

እንዳይደርስባችሁ ሦስት ነገር ያዙ።

1. ሰዓቱን ወደ እኛ መልሱት
ትኬት የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ከ07:00 በፊት ከሆነ 6 ደምሩ፤ 05:30 ማለት ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ከ07:00 እስከ 19:00 ባለው 6 ቀንሱ። ከ19:00 በኋላ 18 ቀንሱ። ቀኑም የሚቀየረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። «ማክሰኞ 02:30» ካለ ሰኞ ማታ ተኝታችሁ ማክሰኞ ሳይነጋ ማለት ነው።

2. ሰዓቱ የየከተማው ነው
ከ02:30 እስከ 05:30 ሲታይ 3 ሰዓት ነው። ግን 02:30 የዱባይ፣ 05:30 የአዲስ አበባ ሰዓት ነው። ዱባይ ከእኛ 1 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ ወደዚህ ሲመጡ 1 ደምሩ፤ በረራው 4 ሰዓት ገደማ ነው። ወደዚያ ሲሄዱ ደግሞ ትኬቱ 5 ሰዓት ያስመስለዋል፤ 1 ቀንሱ።

3. በርቀቱ አረጋግጡ
ከቦሌ ዱባይ በቀጥታ መስመር 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትልቅ የመንገደኛ አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት ከ850 እስከ 900 ኪሎ ሜትር ይበራል። 2,500ን ለ850 ስታካፍሉ 3 ሰዓት አካባቢ ይመጣል። ቀሪው የት ገባ? መሬት ላይ መንዳቱ፣ መውጣትና መውረዱ፣ መንገዱም ቀጥ ያለ አለመሆኑ ነው። ትኬቱ የሚቆጥረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ ነው።

«ታዲያ ዋሽንግተን ለምን ሲሄዱ ይረዝማል?» ትሉ ይሆናል። ርቀቱ ያው 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲመጣ ከኋላ የሚገፋው የምዕራብ ነፋስ ሲሄድ ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ቦሌ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ለዚህ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። ሲመለስ ግን በቀጥታ ይመጣል፤ 13 ሰዓት ገደማ።

ሰው ልትቀበሉ ከሆነ ዛሬውኑ ትኬቱን አውጥታችሁ አስሉት። ውጭ ዘመድ ላለው ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።