የቤት ሙቀት ሒሳብ

በጉና ተራራ ዙሪያ ባለው ደጋ፣ በደብረ ታቦርም፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። የወር ደመወዙን ቈጥሮ የሚኖር ሠራተኛና በኪራይ ቤት የሚያጠና ተማሪ «በምን ልሙቅ?» ብለው ማስላታቸው አይቀርም። ሒሳቡ ግን በገበያ ዋጋ ብቻ አያልቅም።

አንድ ኪሎ ደረቅ ከሰል ሲነድ ወደ 8 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይህንኑ ለመስጠት 8 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ይበላል። እንግዲህ የአንዱን ኪሎ ከሰል ዋጋ ለ8 ማካፈልና ውጤቱን ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት ክፍያ ጋር ማስተያየት ነው።

ነገር ግን ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ስለሚይዝ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ጢሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ «አሁንስ አይጐዳም» ማለት ከንቱ ነው። በሩ ቢዘጋ ሕይወት ያሰጋል፤ ቢከፈት በገንዘብ የተገዛው ሙቀት ደጅ ይወጣል። ኩበትም ቢሆን በነጻ የሚገኝ ይመስላል እንጂ፣ የነደደው ሁሉ ለማሳው ፍግ መሆን የሚችል ነበር።

በብርድ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም እንዲሁ የጋዝ ማሞቂያን ከሙቀት ፓምፕ ጋር ያመዛዝናሉ። የሙቀት ፓምፕ የሚሠራው እንደ ፍሪጅ ነው፤ ሙቀቱን ከውጭው አየር ሰብስቦ ወደ ቤት ያስገባል። ስለዚህ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ተቀብሎ ወደ 3 የሚጠጋ ሙቀት ይመልሳል፤ ብርዱ ሲበረታ ግን ይቀንሳል። ጥሩ የጋዝ ማሞቂያ ከጋዙ ኃይል ከመቶ 90 ያህሉን ለቤቱ ይሰጣል። የኤሌክትሪክ ዋጋ ከጋዙ 3 እጥፍ ካልበለጠ የፓምፑ ወጪ ያንሳል፤ የመግዣው ዋጋ ግን ለብቻው ይታሰባል።

አገራችን ኤሌክትሪኳን በብዛት የምታገኘው ከውሃ ነው፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይሁን እንጂ መብራት የሚጠፋበት ሌሊት አለ። ስለዚህ ለደመወዝተኛ ከሁሉ የሚቀድመው ሙቀቱን እንዳይወጣ መያዝ ነው፤ ለጣሪያው ኮርኒስ ማበጀት፣ የበርና የመስኮቱን ስንጥቅ መድፈን፣ ወፍራም ብርድ ልብስ መግዛት። ይህ ወጪ አንድ ጊዜ ወጥቶ ብዙ ክረምት ያገለግላል። ስንጥቁ በተደፈነ ክፍል ውስጥ ግን ከሰል ከቶ አይገባም።