የሚያዩ ሥዕሎች፦ የክታብ ጠልሰምና የመተማ መንገድ

በኢትዮጵያ የብራና ቅርስ ውስጥ ተመልካችን ከሁሉ ይበልጥ ግራ የሚያጋቡት ሥዕሎች የሚገኙት በአብያተ ክርስቲያናት ትላልቅ መጻሕፍት ሳይሆን፣ ደብተራ ለታማሚ ጽፎ በሚሰጠው ጠባብና ረጅም ጥቅል፣ ማለትም በክታብ ላይ ነው። ክታቡ ከበግ ወይም ከፍየል ቆዳ በተዘጋጀ ብራና ላይ የሚጻፍ ሲሆን፣ በልማዱ ርዝመቱ ከባለቤቱ ቁመት ጋር እንዲተካከል ሁለትና ሦስት ቁራጭ በጠፍር ይሰፋል፤ በጸሎቶቹ መካከል የሚገቡት እንግዳ ሥዕሎችም ጠልሰም ይባላሉ። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ዐረብኛውም ከግሪክ ወስዶታል።

አንድ የተለመደ ጠልሰም ቢታይ፣ በመስመር በታጠረ አራት ማዕዘን መካከል የሰው ፊት ተሥሎ፣ ከፊቱ ዙሪያ ስምንት ክንዶች እንደ ኮከብ ጨረር ይወጣሉ፤ በክንዶቹ መካከል ባሉት ክፍተቶችም ጥንድ ጥንድ ዓይኖች በጥቁር ቀለም ተከበው፣ ብሌናቸው ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ይታያል። ፊቱ ጆሮም አንገትም ላይኖረው ይችላል፤ ዓይን ግን አይቀርለትም። በሌላው ክታብ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ ይቆማል፤ በሌላው ደግሞ ሐረጉ እርስ በርሱ ተጠላልፎ መረብ ይሠራል፤ ይህም ንጉሥ ሰሎሞን አጋንንትን እንደ ዓሣ ያጠመደበት ነው የሚባለው መርበብተ ሰሎሞን ነው። ጫፎቻቸው በትንንሽ ክቦች የሚያበቁ፣ ከፊደል የማይቆጠሩ ምልክቶችም አልፎ አልፎ ይገኛሉ፤ የእነዚህ ዘመዶች በዐረብኛ፣ በዕብራይስጥና በግሪክ የአስማት ጽሑፎችም ይታያሉ።

ለንጽጽር ያህል፣ በዓለም ላይ በምስጢራዊነቱ የታወቀው የቮይኒች መጽሐፍ፣ ብራናው እ.ኤ.አ. ከ1404 እስከ 1438 ባለው ጊዜ እንደተዘጋጀ በራዲዮካርቦን ምርመራ የተረጋገጠና ዛሬ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ ሲሆን፣ ፊደሉንም ሆነ የማይታወቁ ዕፅዋቱን ሥዕል እስካሁን አጥጋቢ በሆነ መንገድ የፈታ የለም። በዚያው ምዕት ዓመት በኢትዮጵያ የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በበኩሉ አስማተኞችንና ጠንቋዮችን አጥብቆ ያወግዝ ነበር፤ የክታብ ጥበብ ግን ውግዘቱን ተሻግሮ ኖረ፤ ዛሬ በየቤተ መዘክሩ ከሚታዩት ክታቦች አብዛኞቹም ከዚያ ዘመን እጅግ ዘግይተው የተጻፉ ናቸው። የቮይኒች መጽሐፍና የክታቡ እንቆቅልሽ ግን የተለያየ ነው። የክታቡ ግእዝ ይነበባል፤ አስማት የሚለው ቃል እንኳ በግእዝ የስም ብዙ ቁጥር በመሆኑ፣ ጸሎቱ በአብዛኛው የምስጢር ስሞች ድርድር መሆኑ ግልጽ ነው። የማይነበበው ሥዕሉ ነው፤ መግለጫ የለውም፣ አጠገቡ ያለውን ጸሎትም ብዙ ጊዜ አይከተልም።

በእርግጥ ሁሉም ሥዕል ስውር አይደለም። ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ተቀምጦ ሕፃናት ገዳይ የምትባለውን ውርዝልያን ሲወጋ የሚያሳየው ሥዕል ታሪኩ አብሮት ስለሚጻፍ ማንም ይረዳዋል፤ ልጅ የሞተባቸው እናቶችም ያስጽፉት ነበር። ተመራማሪዎችን ያደከመው ዓይኑና ኮከቡ ነው። እነዚህን ክታቦች ለብዙ ዓመታት ያጠናው ፈረንሳዊው ዣክ መርሲየ፣ ከደብተሮች ጋር ሠርቶ የደረሰበት ማብራሪያ ጥያቄውን ራሱን ይለውጠዋል፦ ጠልሰም ራሱ ያያል እንጂ የሚያሳየው ነገር የለም። በዚህ እምነት መሠረት በታማሚው ያደረው ጋኔን በታማሚው ዓይን ወደ ውጭ ይመለከታል፤ ታማሚው ክታቡን ዘርግቶ ሲያይ ጋኔኑም የሚያፈጡበትን ዓይኖች ይመለከትና ይሸሻል። ቡዳም ሆነ ዓይነ ጥላ ጉዳቱ በዓይን በኩል ይገባል ተብሎ ስለሚታመን፣ መድኃኒቱም በዓይን በኩል መግባቱ ለሰዎቹ ግልጽ ነበር። መርሲየ እ.ኤ.አ. በ1992 በፓሪስ ለቀረበው ዐውደ ርዕይ ከንጉሥ ሰሎሞን ስም ጋር «የእይታ ጌቶች» የሚል ርእስ መስጠቱ ከዚህ የመነጨ ነው።

ይህ ጥበብ በደጋ ብቻ ተዘግቶ አልኖረም። የጎንደርን ሰምና ቡና ወደ ሱዳን ያሻግር የነበረው የንግድ መንገድ በድንበር ከተማዋ በመተማ ያልፍ ነበር፤ በዚያም ከምዕራብ ሱዳን አገሮች የመጡ ተክሩሮች ሰፍረው ነበር። ከድንበሩ ማዶ ሂጃብ የሚባለው የቁርኣን ጥቅስና የቁጥር ሠንጠረዥ ያለበት ክታብ፣ በቆዳ ተሰፍቶ ሲታሰር ከውጭ ሲታይ ከክርስቲያኑ ክታብ ብዙም አይለይም፤ በሁለቱም ወገን የሰሎሞን ማኅተም ይከበራል። ንዳድ፣ ማለትም ወባ፣ ቆላ የወረደውን ደገኛ ሁሉ ያስፈራ ስለነበር፣ ስሙ በክታብ ጸሎቶች ከሚዘረዘሩት ደዌዎች መካከል መገኘቱ የዚህን አገር ሰው አያስገርመውም። በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ማህዲስቶች ጦር ጎንደር ድረስ ዘልቆ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን ባቃጠለ ጊዜ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጋር ስንት ብራና እንደጠፋ ማሰብ ያሳዝናል።

ከ44 ዓመት በኋላ፣ በ1924 ዓ.ም.፣ በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ከሱዳን በጋላባትና በመተማ በኩል ገብቶ ጎንደር ከረመ። ግሪዮል ቀደም ሲል የአንድ ደብተራን የመድኃኒትና የአስማት መጽሐፍ በፓሪስ አሳትሞ ነበር፤ በጎንደር ቆይታውም የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከብዙ ብራናና ክታብ ጋር ሰብስቦ ወደ ፓሪስ ወሰደ።

በክታቦች ላይ የባለቤቱ ክርስትና ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ስሙ ተፍቆ አዲሱ ስለሚገባ፣ በአንዳንዱ ላይ የብራናው ገጽ ሳስቶ የቀደመው ስም ጥላ ከሥሩ ይታያል። ዓይኖቹን ግን ማንም አልፋቃቸውም።