ዳገት ያደከመው ባትሪ ሁሉ ያረጀ አይደለም

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በየካ ክፍለ ከተማ ከኮተቤ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በኤሌክትሪክ የሚነዱ መኪናዎችን ማየት የዘወትር ነገር ሆኗል። ከከተማው ዳርቻ ወተት፣ እንቁላልና አትክልት ለገበያ ለሚያጓጉዝ ሰው አንድ አሳሳቢ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ከመኪናው ክፍሎች ሁሉ ውድ የሆነው ባትሪ ስንት ዓመት ያገለግላል? የሚለው ነው።

በእንጦጦ ግርጌ የሚኖር ባለመኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚደናገጠው፣ ዳገት ሲወጣ የባትሪው መቶኛ ፈጥኖ ሲወርድ ነው። ይሁን እንጂ ይህ የተራራው ሥራ እንጂ የባትሪው ሕመም አይደለም። ከነጭነቱ 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት፣ የጎማውና የአየሩ ሰበቃ ሳይታሰብ፣ 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል ይፈጃል። ቁልቁል ሲመለስ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ከዚሁ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ግን የሚመለሰውን ኃይል መቀበል ስለማይችል፣ ከተራራው ላይ የሚነሳ ሰው እስከ መጨረሻው ባይሞላው ይጠቀማል። የማለዳው ብርድም ጉልበቱን ይቀንሳል፤ ባትሪው ሲሞቅ ግን ይመለሳል።

ታዲያ እውነተኛው ጤንነት በምን ይታወቃል? ባትሪው ዛሬ የሚይዘውን ኃይል አዲስ ሳለ ይይዝ ከነበረው ጋር በማነጻጸር ነው። ለዚህም የመኪናውን ፍጆታ ብቻ የሚቆጥር ቆጣሪ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ባትሪው ከ20 ወደ 80 በመቶ ሲሞላ ቆጣሪው 30 ኪሎዋት ሰዓት ቢያሳይና 10 በመቶው በመሙላት ላይ ባክኗል ብለን ብንገምት፣ ባትሪው ውስጥ የገባው 27 ነው። 27 ለ0.6 ሲካፈል 45 ይሆናል። ባትሪው አዲስ ሳለ 50 ይይዝ ከነበረ፣ ጤንነቱ 90 በመቶ ነው ማለት ነው።

አንድ ልኬት ብቻውን አያስተማምንም። በየሦስት ወሩ በተመሳሳይ ሁኔታ ለክቶ ቀኑን፣ የተጓዘውን ኪሎ ሜትርና ውጤቱን በደብተር መመዝገብ ይገባል። ውጤቱ በድንገት ካሽቆለቆለ፣ በባትሪው ውስጥ ከተደረደሩት ሴሎች የደከመ እንዳለ በባለሙያ ማስመርመር ያስፈልጋል፤ አንዱ ሴል ሲደክም የሌሎቹንም አቅም ይገድባልና። ብዙ አምራቾች የ8 ዓመት ዋስትና ሰጥተው፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ጤንነቱ ከ70 በመቶ በታች ቢወርድ ኃላፊነት ይወስዳሉ። ዋስትናው በአገራችን የሚሠራ መሆኑን ግን ከግዢው በፊት በጽሑፍ ማረጋገጥ ይበጃል።

በሬ የሚገዛ ገበሬ አስቀድሞ ጥርሱን ያያል። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛም ይህንኑ ደብተር ቢጠይቅ ከጸጸት ይድናል።