ከመጠምጠም መማር ይቅደም
ስለ አዲሱ የማስተማሪያ መሣሪያና ስለ መምህሩ ዝግጅት

በጥቁር ሰሌዳና በጠመኔ የጀመረው፣ በትምህርት ራዲዮና በቴሌቪዥን በኩል ያለፈው የማስተማሪያ መሣሪያ ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ ደርሷል። ቻትጂፒቲ የተባለው ጽሑፍ አመንጪ መሣሪያ ለሕዝብ የቀረበው ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ «እንከልክለው ወይስ እንፍቀደው?» የሚለው ክርክር አላባራም። እኛ ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ እንላለን። ይኸውም የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ መምህሩ ምን ይማር? እንዴትስ ይማር? የሚለው ነው።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ነገሩ እንዲህ ነው። መሣሪያው እጅግ ከበዛ ጽሑፍ የቃላትን አከታተል ተምሯል። ሲጠየቅም «ከዚህ ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ ይችላል?» በሚል ስሌት ይጽፋል። አንዳንዱ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ቢመልስም፣ ዓረፍተ ነገሩን የሚገነባው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ አቀላጥፎ ይናገራል፤ አቀላጥፎም ይሳሳታል። ያልተጻፈ መጽሐፍ እንኳ ከነደራሲው ሊጠቅስ ይችላል።

ለምሳሌ የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ተገኘ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 1 ቀን 1896 መሆኑ ነው። በየካቲት ስምንት ዓመት መጨመር ሲገባው ሰባት ቢጨምር፣ መሣሪያው 1895 ብሎ ቁጭ ይላል። ይህን የሚያርመው ማን ነው? ጉዳዩን የሚያውቅ የታሪክ መምህር ነዋ! የማያውቀው ግን ስሕተቱን አሳምሮ ለክፍሉ ያስተላልፋል።

ካለፈው ምን እንማራለን?

በ1990ዎቹ አጋማሽ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን በሳተላይት የሚተላለፍ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። ላቦራቶሪ በሌለበት ቦታ ሙከራ ማሳየቱ ጥቅም እንደነበረው አይካድም። ነገር ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ተማሪው ገባውም አልገባው ይቀጥላል። «እስቲ ቆይ» ቢሉት አይቆይም። ለመግቢያና ለማጠቃለያ ጥቂት ደቂቃ የተሰጠው መምህር በቀረው ጊዜ ተመልካች ሆነ። እንግዲህ መሣሪያ ከመምህሩ ዝግጅት ቀድሞ ሲገባ፣ መምህሩ የመሣሪያው ረዳት ሆኖ ይቀራል ማለት ነው።

ምን እንማር?

ሚሽራና ኮህለር የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳስረዱት፣ በመሣሪያ ማስተማር ሦስት ዕውቀቶችን ማገናኘት ይጠይቃል፤ የትምህርቱን ይዘት፣ የማስተማር ዘዴንና የመሣሪያውን ጠባይ። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2024 ለመምህራን ያወጣው የሰው ሠራሽ አስተውሎት የብቃት ማዕቀፍ 15 ብቃቶችን በአምስት ዘርፍ ይመድባል። እነዚህም፦
ሀ. ሰውን ማዕከል ያደረገ አስተሳሰብ፣
ለ. ሥነ ምግባር፣
ሐ. የመሣሪያው መሠረተ ሐሳብና አጠቃቀም፣
መ. በመሣሪያው የማስተማር ዘዴ፣
ሠ. ራስን በሙያ ማሳደግ ናቸው።
ልብ በሉ! መሣሪያውን ማወቅና መጠቀም ከአምስቱ አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ የግማሽ ቀን ገለጻ ሰምቶ ምስክር ወረቀት መቀበል ሥልጠና አይባልም።

የመለያው ወጥመድ

ዝግጅት ሲጎድል ጉዳቱ በተማሪው ላይ ያርፋል። አንዳንድ መምህራን «የማሽን ሥራ ነው» የሚል መለያ ሶፍትዌር ብቻ አምነው ውጤት ይወስናሉ። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ ያወጣውን መለያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. አንሥቶታል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናትም ሰባት መለያዎችን ፈትኗል። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና ከጻፏቸው 91 ድርሰቶች ውስጥ፣ መለያዎቹ በአማካይ ከግማሽ በላዩን በስሕተት የማሽን ሥራ ብለዋቸዋል። ምክንያቱም በሁለተኛ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ቀላልና የተለመደ ቃል ይመርጣል፤ መለያው ደግሞ ይህን የማሽን ምልክት አድርጎ ይወስደዋል። የእኛስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በእንግሊዝኛ የሚጽፈው እንዲሁ አይደለም እንዴ? ሌሊቱን ሙሉ ደክሞ የጻፈ ልጅ በሐሰት ቢወነጀል፣ በምን ማስረጃ ነጻ ይወጣል?

መፍትሔው የቤት ሥራውን መለወጥ ነው። «የአፈር መሸርሸር መንስኤዎችን ዘርዝር» የሚለውን መሣሪያው በደቂቃ ይጨርሰዋል። በዚህ ፈንታ ተማሪዎች በግቢው አቅራቢያ ያለ ቦረቦር ስፋትና ጥልቀት ይለኩ፤ የአካባቢውን ገበሬዎች ይጠይቁ፤ ከዚያም የመሣሪያውን መልስ ካዩት ጋር አነጻጽረው ጉድለቱን ያውጡ። በመጨረሻም እያንዳንዱ ለአምስት ደቂቃ በቃል ያስረዳ። እዚህ ላይ መሣሪያው የሚመረመር ጽሑፍ ሆነ እንጂ ተማሪውን አልተካም።

ሥልጠናው እንዴት ይሁን?

ለዚህ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። የመምህራን አሠልጣኞችና የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከሥራቸው ሳይለዩ ለአንድ ዓመት የሚወስዱት የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም በአገራችን የታወቀ ነው። አሳታፊ የማስተማር ዘዴ፣ ራስን መመርመርና ተግባራዊ ምርምር እዚያ ውስጥ አሉ። መሣሪያውም በዚሁ መንገድ ይጠና። የአንድ ትምህርት ክፍል መምህራን በየሳምንቱ ተሰብስበው በራሳቸው ኮርስ ይሞክሩት፤ አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ ይመልከት፤ የሠራውንና ያልሠራውን ይመዝግቡ። የተማሪን ስምና ውጤት ወደ መሣሪያው አለማስገባትን የመሳሰሉ ደንቦችም በጋራ ይውጡ። ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት የማያገኝ ተማሪ እንዳይጎዳም ይታሰብበት።

እኛ ሰልጣኞችስ? ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ በመሣሪያው የተዘጋጀ አንድ የትምህርት ዕቅድ እንያዝ፤ ከመርሐ ትምህርቱና ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር እናስተያየው፤ ስሕተቱን በቀይ እስክሪብቶ አርመን ለአሠልጣኞቻችን እናቅርብ። ማረም ካልቻልን፣ ለማስተማርም ገና ነን ማለት ነው።