የክሪስታል ሕጸጽና የመቅለጥ ሥርዓት

ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው ጎዳና ሐርቡ የደረሰ መንገደኛ፣ ገና ዝገት ያልነካውን የቤት ክዳን ቆርቆሮ ቀረብ ብሎ ቢመለከት፣ ዚንክ የለበሰው ገጹ በልዩ ልዩ ፍካት በሚያንጸባርቁ ጽጌ መሰል ሥዕሎች ተከፋፍሎ ብዙ ጊዜ ያገኘዋል። እያንዳንዱ ሥዕል የቀለጠው ዚንክ ሲረጋ የበቀለ አንድ ክሪስታል ነው፤ ድንበራቸውም የአንዱ የአቶሞች ሰልፍ ከጎረቤቱ ሰልፍ ጋር መግጠም ያቃተው ስፍራ ነው። የዛሬው ነገራችን ስለዚህ ስላለመግጠም ነው፤ ጠጣር ነገር የሚታጠፈውም የሚቀልጠውም በሕጸጹ በኩል ነውና።

ከሕጸጾች ሁሉ ዋነኛው ሊቃውንት ዲስሎኬሽን የሚሉት ዝንፈት ነው። ሸማኔ በድሩ መካከል አንዲት ትርፍ ፈትል አስገብቶ ከመንገድ ቢያቋርጣት፣ ከጫፏ ርቆ ያለው ጨርቅ በየቦታው ፍጹም ይመስላል፤ ነገር ግን ጫፏን በሩቅ ዙሮ ፈትሉን የሚቆጥር ሁሉ ከላይና ከታች ያለው ቁጥር በአንድ ተበላልጦ ያገኘዋል። ብረት በስሌት ከሚጠበቀው እጅግ ባነሰ ኃይል የሚታጠፈው እንዲህ ያለው ዝንፈት ረድፍ በረድፍ ስለሚጓዝ መሆኑን ቴይለር፣ ኦሮዋንና ፖላኒ በ1934 (እ.ኤ.አ.) በየበኩላቸው ገለጡ።

ይህ ጥናት ለኢትዮጵያውያንም ባዕድ አይደለም። በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረው በወህኒ ቤት ሳይቀር ፊዚክስን ያስተማሩት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ፣ ኋላም በሕንድ አገር በባንጋሎር ከአናንታክሪሽና ጋር ሆነው አንዳንድ የብረታ ብረት ቅይጥ ሲሳብ በለዘብታ መርዘሙን ትቶ ለምን እየዘለለ እንደሚረዝም መረመሩ። የዚህም ምክንያቱ ተጓዦቹ ዝንፈቶች በቅይጡ ባዕዳን አቶሞች እየተያዙ እንደገና መለቀቃቸው ነው። ስለ ሰብአዊ መብትና ስለ ትምህርት ነጻነት ያደረጉትን ተጋድሎ አክብሮ የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር በ2012 (እ.ኤ.አ.) የሳካሮቭን ሽልማት ሰጥቷቸዋል።

አሁን ወደ ጥልቁ እንለፍ። በረጋ ክሪስታል ውስጥ ውጥረት ከአንድ ወገን የገባው ያህል በሌላው ወገን መውጣት አለበት፤ ይህን ሕግ ከሥሩ የሚጠብቅ አንድ ስውር መጠን በሒሳብ ቢቋቋም፣ እርሱ በብዙ መልክ ሊጻፍ ሲችል የሚያስገኘው ውጥረት ግን አንድና ያው ነው። በመልክ ብዙ፣ በግብር አንድ የሚሆንበት ይህ ነጻነት ጌጅ ይባላል፤ የኤሌክትሪክና የማግኔት ሕግም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ሙል የኤሌክትሪክ መስክ ምንጭ እንደሆነ ሁሉ፣ ዝንፈትም የውጥረት መስክ ምንጭ ሆኖ ይቆጠራል። የበርሊኑ ሐገን ክላይነርት በ1989 (እ.ኤ.አ.) ይህን ትምህርት በሁለት ታላላቅ ቅጾች አበጅቶ አቅርቦታል፤ በኤሌክትሪክና በጠጣር መካከል እንዲህ ያለ ዝምድና መገኘቱ ለእኔ ከዘመኑ ሳይንስ እጹብ ድንቅ ነገሮች አንዱ ነው።

መቅለጥም በዚሁ ቋንቋ ይነገራል። በስስ ገጽ ላይ ባለ ክሪስታል፣ ሙቀቱ ዝቅ ባለ ጊዜ ተቃራኒ ዝንፈቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተሳስረው ይኖራሉ፤ ሙቀቱ ሲያይል ግን ማሰሪያቸው ይፈታል፣ ሰልፉም ይፈርሳል። ኮስተርሊትዝና ታውለስ በ1973 (እ.ኤ.አ.) ይህን ካሳዩ በኋላ፣ ሃልፐሪንና ኔልሰን፣ ቀጥሎም ያንግ፣ ሥርዓቱ ሁሉ ባንድ ጊዜ እንደማይጠፋ አስረዱ፤ አስቀድሞ የአቶሞቹ የስፍራ ሥርዓት ይጠፋል፣ የአቅጣጫቸው ሥርዓት ግን ጥቂት ይቆያል።

ይህ ሁሉ በሙቀት ኃይል የሚሆን ነው። በኳንተም ዓለም ግን ሙቀት ፈጽሞ ቢጠፋም ንዝረት አይጠፋም፤ ሂሊየም ወደ 25 ከባቢ አየር የሚደርስ ግፊት ካላገኘ በፍጹም ቅዝቃዜ እንኳ የማይጠጥረው በዚህ ምክንያት ነው። የላይደኑ ያን ዛነን ከኑሲኖቭና ከሙኪን ጋር በ2004 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ሥራ፣ በኳንተም ክሪስታል ውስጥ ዝንፈቶቹ በአንድነት ሲንሰራፉ፣ ጠጣሩ አቅጣጫውን እንደያዘ መንሸራተትን የመቋቋም ኃይሉን አጥቶ ያለ ሰበቃ የሚፈስ ነገር እንደሚሆን በጌጅ ስሌት አሳዩ። ከዚያ በኋላ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ፕሬትኮና ራድዚሆቭስኪ ሌላ ነገር ጨመሩ፤ የአቶሞቹን አቅጣጫ የሚያዛባው ሌላው ሕጸጽ፣ ማለት ዲስክሊኔሽን፣ ብቻውን ከቆመበት ንቅንቅ ማለት አይችልም፤ ዝንፈት ግን፣ ትርፍ አቶም ወይም ባዶ ስፍራ ካላገዘው በቀር፣ በአንዲት መስመር ላይ ብቻ ይጓዛል፤ ሁለቱንም የሚያስራቸው ያው የጌጅ ሕግ ነው።