መኪና የማይደርስበት የሎክ ሎሞንድ ዳርቻ

ሎክ ሎሞንድ ከተባለው የስኮትላንድ ሐይቅ በስተምሥራቅ በኩል የሚሄደው የመኪና መንገድ ሮዋርዴናን ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ወደ ሰሜን መሄድ የፈለገ እግሩን ማመን አለበት። ቦርሳቸውን ያዘሉ ተጓዦች ማለዳ ከዚህ ተነሥተው ኢንቨራርናን ሊያድሩ ይወጣሉ። ርቀቱ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሜዳ ቢሆን ኖሮ ከአምስት ሰዓት አያልፍም ነበር፤ እዚህ ግን ብዙዎች ቀኑን ሙሉ ይውሉበታል።

ይህ የዌስት ሃይላንድ ዌይ የአንድ ቀን ጉዞ ነው። ሙሉው መንገድ ከግላስጎው አጠገብ ተነሥቶ እስከ ፎርት ዊሊያም 154 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ አብዛኛው ተጓዥ በሳምንት ይጨርሰዋል። ሐሳቡን ያመነጨው ቶም ሃንተር የተባለ የግላስጎው ሰው ሲሆን፣ የሐይቁን ምሥራቃዊ ዳርቻ ከግንባታ ማዳንም ይፈልግ ነበር። መንገዱ እ.ኤ.አ. በ1980 ሲከፈት በስኮትላንድ በይፋ የታወቀ የመጀመሪያው ረጅም የእግር መንገድ ሆነ። ሃንተር ምን እንደሰጋ ለመረዳት ወደ ማዶ ማየት ይበቃል፦ በምዕራቡ ዳርቻ ዋናው አውራ ጎዳና ያልፋል፤ ነፋስ ጸጥ ሲል የከባድ መኪናው ድምፅ ውኃውን ተሻግሮ ይሰማል።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በኦክ ደን ውስጥ ያልፋሉ። ሰው ያልነካው ጥንታዊ ደን ይመስላል፤ ነገር ግን ለረጅም ዘመን ሲቆረጥ የኖረ ነው። ቅርፊቱ ለቆዳ ማልፊያ፣ እንጨቱ ለብረት ማቅለጫ ከሰል ይውል ነበር። የተቆረጠው ዛፍ ልክ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ፣ ዛሬም ከአንድ ሥር ሦስትና አራት ግንድ ተያይዞ ሲወጣ ይታያል።

እኩለ መንገድ ላይ ኢንቨርስኔይድ አለ፦ አንድ ሆቴል፣ የጀልባ ማረፊያ፣ ከድልድይ ሥር የሚወርድ ፏፏቴ። እንግሊዛዊው ገጣሚ ጄራርድ ማንሊ ሆፕኪንስ እ.ኤ.አ. በ1881 ግጥም የጻፈለት ፏፏቴውን የሚፈጥረው ወንዝ ነው። ከማዶ ደግሞ ከተራራው የሚወርዱት የስሎይ የውኃ ኃይል ማመንጫ አራት ትላልቅ ቧንቧዎች ይታያሉ። ምሳ የሚበላው እዚህ ነው፤ ደግሞም መብላት ያስፈልጋል።

ምክንያቱም ፈተናው ከዚህ በኋላ ይመጣል። ሐይቁ በደቡብ ሰፊና ደሴት የበዛበት ነው፤ በሰሜን ግን ጥንታዊ የበረዶ ግግር ቦርቡሮት ጠባብ ሆኗል፣ ጥልቀቱም እስከ 190 ሜትር ይደርሳል። ተራራው በቀጥታ ውኃው ውስጥ ስለሚገባ መንገዱ የሚዘረጋበት ደልዳላ ቦታ የለም። ተጓዡ እርጥብ ሥር እየረገጠ፣ ቤት የሚያካክል ቋጥኝ በእጁ እየጨበጠ፣ አንዳንዴም በአጭር መሰላል እየወጣ ይሄዳል። በሰዓት ሁለት ኪሎ ሜትር መሄድ አያሳፍርም። ሽታቸው አስቀድሞ የሚደርስ የዱር ፍየሎች ግን እዚያው ቋጥኝ ላይ እንዳሻቸው ይዘላሉ።

እ.ኤ.አ. በ1734 የሞተው ዝነኛው ሽፍታና የከብት ነጋዴ ሮብ ሮይ ማክግሬገር ተደብቆበታል የሚባለው ዋሻም በዚሁ አካባቢ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በተናዱ ድንጋዮች መካከል ያለ ክፍተት ነው እንጂ ዋሻ ለማለት አያስደፍርም።

ከሽፍታው ይልቅ ዛሬ የሚያስመርረው ሚጅ የተባለው ትንኝ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም፣ በተለይ ነፋስ በሌለበት ጥላ ሥር መንጋው ይወርዳል። የምትነክሰው ሴቷ ናት። ነፋስ ትንሽ ጠንከር ካለ መብረር ስለሚያቅታት፣ ልምድ ያላቸው ተጓዦች ለዕረፍት ዛፍ ሥር ሳይሆን የተገለጠ ዳርቻ ይመርጣሉ።

ድንኳን የሚተክልም ደንቡን ማወቅ አለበት። በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. የ2003 ሕግ ማንም ሰው በገጠሩ እንዲዘዋወር መብት ይሰጣል። ይሁንና ከማርች እስከ ሴፕቴምበር በዚህ ዳርቻ በአንዳንድ ስፍራ ድንኳን ለመትከል ፈቃድ ያስፈልጋል። ሮውኮይሽና ዱን ላይ ግን መብራትም ሆነ የቧንቧ ውኃ የሌላቸው፣ ለማንኛውም መንገደኛ ክፍት የሆኑ የድንጋይ ቤቶች አሉ።

ወደ ሰሜኑ ጫፍ ሲቃረብ አርድሊሽ ላይ አንድ ምሰሶ ቆሟል። መሻገር የፈለገ ሰው ምሰሶው ላይ ያለችውን ኳስ በገመድ ወደ ላይ ይስባል፤ ባለ ጀልባው ከማዶ አይቶ ይመጣለታል። የቀረው ሰው ትንሽ አቀበት ወጥቶ ወደ ኢንቨራርናን ይወርዳል። እዚያ ከብት ነጂዎች ወደ ደቡብ ገበያ ሲወርዱ ያርፉበት የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1705 የተመሠረተ የእንግዳ ማረፊያ እስካሁን እራት ያቀርባል። በጁን ወር እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ድረስ ብርሃን ስለሚኖር፣ የዘገየውም ሳይጨልምበት ይደርሳል።